መሬቷ ስትነቃነቅ ጸሎት ላይ ነበርን

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1986

ዛሬም ዌስትላንድስ፣ ሥራ ፍለጋ። ዛሬም «እንጠራሻለን»። የተቀበለችኝ የቢሮው ልጅ ጂኦሎጂ ስላት «ወርቅ ፈላጊ ነሽ?» አለችኝ። ወርቅ ባገኝማ እዚህ ምን አመጣኝ? አራት ዓመት ሙሉ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ተማርኩ። አንድም ቀን ከእግሬ ሥር ንቅንቅ ስትል አልተሰማኝም...

ከማታቱ ታክሲ ወርጄ ቤት ስገባ ጋሼ ዘርይሁን ተቀምጠዋል። የእርዳታ ድርጅት ሹፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆየች። አክስቴን አስካለን ለትዳር የጠየቋት ከፋሲካ በፊት ነው። ያኔ ያለቻቸውን ዛሬም አለቻቸው፤ «ወንድም ዘርይሁን፣ እየጸለይኩበት ነው።» በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይኼ እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል። «ጸልዪ፣ ጸልዪ» ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

«እቴቴ፣ እስከ መቼ?»

«ምልክት እስኪሰጠኝ።»

«ምን ዓይነት?»

«የማያጠራጥር!»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

ነገ ለጾም ጸሎት እንሄዳለን። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት አሮጌ አዳራሽ ተውሰናል። እኔ የምሄደው ድንጋይ ለማየት ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

አዳራሹ ውስጥ፣ ዛሬ ጠዋት።

ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን እየጸለይን ነበር። መጀመሪያ ጉርምርምታ... ከዚያ ወለሉ ከታች ገፋኝ፤ ሙክት በግንባሩ የመታኝ ያህል። ቆርቆሮው ተንጫጫ። አንድ ሰው እንኳ ዓይኑን አልገለጠም! «ሃሌ ሉያ!» ጭራሽ ጸሎቱ ባሰ። «እንደ ሐዋርያት ዘመን!» ይላል አንዱ። አክስቴ እጆቿን ዘርግታ ታለቅሳለች፤ «ገባኝ ጌታዬ፣ ገባኝ!»

ምን እንደገባት ለእኔም ገባኝ። ግን ግድግዳውን አየሁት። ከጣሪያው እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል። ዝም ብል አክስቴ ታገባለች። ዝም ብል... ሁለተኛው ቢመጣስ?

«የመሬት መንቀጥቀጥ ነው! ውጡ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ያኔ ዓይን ሁሉ ተገለጠ፣ ሩጫ ሆነ። አክስቴ ለመንበርከክ ያወለቀችውን ጫማ ትፈልጋለች። ጋሼ ዘርይሁን በሩ ላይ ቆመዋል፣ ሁለት እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው።

«ጋሼ፣ ይውጡ! ይደረመሳል!»

«አስካለ አልወጣችም።»

«ይውጡ እኮ ነው የምልዎት!»

«አስካለ አልወጣችም አልኩሽ!»

ወጣች፣ በአንድ እግር ጫማ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው መጣ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ድንጋይ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ውስጥ ሰው አልነበረም።

እሑድ፣ ነሐሴ 8

ሬዲዮው «አነስተኛ» አለ። አነስተኛ! ከመሬቱ ገጽ ቅርብ ስለነበር ነው እንዲያ የገፋን።

ዛሬ ተመለስን። ሰፈራችን ኢስትሊ ስንደርስ አክስቴ፣ «መሬት ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«አዎ እቴቴ... ከታች አለቱ ተንሸራቶ ነው። እግዜር የለበትም ማለቴ ግን አይደለም...»

«እንግዲያው ምልክት አልነበረማ።»

አዳንኳት ወይስ ምልክቷን አፈረስኩባት?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 10

ጋሼ ዘርይሁን መጡ። አክስቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። እኔ ወጥ ቤት፣ ጆሮዬ ሳሎን።

«ወንድም ዘርይሁን፣ በሩ ላይ ለምን ቆምክ?»

«እንዳይዘጋብሽ ነዋ።»

«በሩ እኮ መዝጊያ የለውም።»

«እኔ እንጃ፣ አስካለ» አሉ።

ሳቀች! እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «እሺ» አለች።

«እሺ ምን?»

«እሺ ነዋ!»

ከሄዱ በኋላ፣ «ምልክቱስ እቴቴ?» አልኳት።

«መሬቷ የነቀነቀችው ሁላችንንም ነው። በሩ ላይ የቆመው አንድ ሰው።»

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28

ሠርጉ ለመስከረም ተቆርጧል። ቤተ ክርስቲያን ስሜ «ውጡ» ሆኖ ቀረ። «ውጡ፣ መዝሙር መጽሐፍ አቀብይን!» ይሉኛል። የዌስትላንድሱ ቢሮም ጠራኝ! ሰኞ ወደዚያው ገጠር ልመለስ ነው፣ የተሰነጠቁ ቤቶችን ልመረምር። ለአንድ ወር ብቻ... ቢሆንስ?

ከሰዓት ጋሼ ዘርይሁን ቤታችን ተቀምጠው ሳለ በመንገዳችን ከባድ መኪና አለፈ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አክስቴ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ፣ «አቢ፣ ይኼስ?»

«መኪና ነው፣ እቴቴ።»

«እሺ።»

ቀና ስል ጋሼ ዘርይሁን ከወንበራቸው የሉም። በሩ ላይ ቆመዋል።