ጠመንጃዎ የልጄን ጉልበት ስላላወቀው

ለተከበሩ የጠመንጃ ምርምር ማዕከል ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ዕድሜዬን የሰው ደብዳቤ ስተይብ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝና፣ ዛሬ የራሴን ስጽፍልዎ ስህተት ቢገኝብኝ ከአክብሮት የመጣ ነው ብለው ይለፉኝ።

ባለፈው ሳምንት የወታደር ወላጆችን ሰብስበው፣ ወዳጅን ከጠላት በራሱ ለይቶ የሚያነጣጥረውን አዲሱን ጠመንጃ ስላሳዩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የወደፊቱ ጦርነት ስህተት የሚባል ነገር እንደማያውቅ እያስረዱን ሳለ፣ ጠመንጃው ከተሰለፉት ወታደሮች ሁሉ የእኔን ልጅ መርጦ ቀይ መብራቱን አበራበት። ጥይት አለማጉረስዎን መቼም አልረሳውም። በዚሁ አጋጣሚ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ነገሩ ሲጣራ የልጄ ሱሪ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሆኖ ተገኘ። የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ አረንጓዴ ጨርቅ ባጣ ከአሮጌ ሰማያዊ መጋረጃ ቆረጥኩ። ጠመንጃዎ የተማረው አዲስ የደንብ ልብስ ብቻ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከመጋረጃዬ ጋር ቀደም ብዬ አስተዋውቀው ነበር።

፪ኛ፦ መፍትሔዎ ፈጣን ነበር። ጠመንጃውን በማረም ፈንታ እናቶች የደንብ ልብስ እንዳይጥፉ ከለከሉ። እውነትዎን ነው፣ እኛን ማረም ይቀላል፤ ባትሪም አንበላም።

፫ኛ፦ ልጄ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ምንም አታስቢ፣ ወደ ግንባር ስንሄድ አዲስ ሱሪ ይሰጡናል» አለኝ። አዲሱንስ እሾህ አይቀደውም? ምሽግ ውስጥ ሲድህበት አያልቅም? ከኋላው የሚከተለው ጓደኛው የሚይዘው ይህንኑ ጠመንጃ ነው፤ አልዋሽዎትም፣ ከጠላት ጥይት ይልቅ እሱን ፈራሁ። የድሮው ጠመንጃ ምንም አያውቅም ነበር፤ የያዘው ልጅ ግን ልጄን በአረማመዱ ይለየው ነበር።

፬ኛ፦ ወዲያ ማዶ ጠላትም እንዲህ ያለ ጠመንጃ መሥራቱ አይቀርም፤ እዚያ ላለውም ወታደር ልብሱን የሚጥፍለት ሰው አይጠፋም። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ቀድሞ የሚሞተው እናቱ መርፌ ያነሳችለት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማነጣጠሩን ነገር ጠመንጃው ይወቅበት፣ ተኩስ የሚለው ግን ልጄን የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ረጅም ዕድሜና እሾህ የማይደፍረው ሱሪ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት፣
የባለመጋረጃው ወታደር እናት

ማሳሰቢያ፦ የዚያን ዕለት ንግግር ሲያደርጉ እጅዎን ከፍ ባደረጉ ቁጥር የኮትዎ ክርን የተጣፈ መሆኑ ይታየኝ ነበር። ስፌቱ ከእኔ እጅግ ይሻላል፤ የእናትዎ ከሆነ እጃቸው ይባረክ። ብቻ አደራዎን፣ ጠመንጃው ሲበራ ከፊቱ እንዳይቆሙ።