ሰባት ደቂቃ የቀደመው ሰዓት

ውድ ጋሼ፣

ከውሃ ማጣሪያችን ከተሰናበቱ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልዎም። ዛሬ የምጽፈው በግምት አይደለም፤ ማስረጃ ይዣለሁ።

የመቆጣጠሪያ ክፍላችን አሮጌ ኮምፒውተር ዓርብ ሊወገድ ነበር። በውስጡ የተጠራቀመው መዝገብ ምን እንደሚል ለማወቅ ጓጓሁና ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ ሳቀችብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ልትመረምር መጣህ? ቀብሩ እኮ ዓርብ ነው!»

«ከቀብሩ በፊት አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።»

«ከመለሰልህ እኔንም ጥራኝ።»

ማሽኑን አስነስቼ በራሱ ሶፍትዌር ማንበብ እችል ነበር፤ ነገር ግን ዲስኩ ያንኳኳል፣ አንዴ ቢነሳ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ፋይሎቹን ለአዲሱ ሶፍትዌር ብሰጠው ደግሞ ልኬቶቹን በየአሥር ደቂቃው አማካይ እያደረገ ያሳያል፤ እኔ የምፈልገው ሴኮንዱን ነው። ስለዚህ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወሰድኩ፤ ከዚያ ዋናውን ሳልነካ እያንዳንዱን ልኬት ወደ ተራ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ሦስት ቀን ፈጀ። ጉጉቴ ምሳ አስረሳኝ።

ዋናው ቧንቧ የፈነዳበትን ዕለት ያስታውሳሉ። አደጋውን ያጣራው ኮሚቴ ግፊቱ ከልክ ያለፈበትን ሰዓት ከፓምፕ ጣቢያው መቅረጫ ወሰደ፤ 4፡12። እርስዎ ፓምፑን ያቆሙበትን ደግሞ ከእኛ ኮምፒውተር ህትመት፤ 4፡20። «ስምንት ደቂቃ ተዘናግተዋል» ተባለ። የኮሚቴው የቴክኒክ አባል ነበርኩና በስንብትዎ ውሳኔ ላይ ፈረምኩ።

እርስዎ ግን «ተረኛ ሰዓትን ይቀድማል እንጂ አይቀደምም» እያሉ የኮምፒውተራችንን ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደፊት ይገፉት ነበር። «በሰው ሰዓት ነው ወይስ በጋሼ ሰዓት?» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ስፈርም ይህ ትዝ ብሎኛል። ያን ዕለት ለመገፋቱ ማስረጃ የለኝም ብዬ ዝም አልኩ። ለራሴ ጥንቃቄ ነው አልኩት፤ ፍርሃት ነበር።

መዝገቡ የግፊቱን ልኬትም በዚያው በኮምፒውተራችን ሰዓት ቆጣሪ ይዞት ኖሯል። ግፊቱ ከልክ ያለፈው 4፡19 ከ10 ሴኮንድ፤ ፓምፑ የቆመው 4፡20 ከ2 ሴኮንድ። ከጣቢያው 4፡12 ጋር ያለው ልዩነት ልክ እርስዎ የገፉት ሰባት ደቂቃ ነው። ስምንት ደቂቃ የተባለው ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ነው።

በቃሌ መሠረት ኃላፊዋን ጠራኋት። «ሬሳው ተናገረ በለኛ!» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ለጋሼስ ማን ነገራቸው?»

አንድ ነገር ግን መዝገቡ አይመልስልኝም። ውሳኔው የተነገረዎ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ያለ አንድ ቃል ወጡ። ሰዓት መንካት ክልክል ስለነበር ነው ዝም ያሉት? ወይስ እኔ እንድናገር እየጠበቁ ነበር?

ፊርማዬን ማንሳቴን ምክንያቱን ዘርዝሬ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ የእኔን ዝምታም አልተውኩትም። ኮሚቴው ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰማናል። ዲስኩ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል።

ይምጡ፣ ጋሼ። በሩ ላይ ሰባት ደቂቃ ቀድሜ እጠብቅዎታለሁ።

በዝምታው የበደለዎ
የቀድሞ ረዳትዎ