ከመቶ አንድ የማይሞላ ልዩነት

በዚያ ዘመን እጮኛዬ ለነበርከው፤

ሰላምታዬ ከሐዘን ጋር ይድረስህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ? ረጅም መንገድ ነድተህ ስትመጣ ይይዝህ የነበረው ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ትራስ ከጀርባህ አድርገህ ነው የምትነዳው? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? ትንሿ አፏን ፈታ መላሰኛ ሆናለች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ባንተ ወጥታ መሆን አለበት። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደከም ስላለ መነጽር አድርጌያለሁ። ብታየኝ ስንት ቀን እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ።

የእናትህን ማረፍ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ጎረቤታችሁ ባለሱቋ ናት የነገረችኝ። ቀድሜ ብሰማ ኖሮ እመጣ ነበር፤ ምን ሆኜ፣ የማን ነኝ ብዬ ከየትኛው ወገን እንደምቆም ግን አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናህ። እሳቸውንም በቀኙ ያኑራቸው። ጎበዝ ሴት ነበሩ።

ከደብዳቤው ጋር ባንኩ በስምህ የጻፈው የክፍያ ማዘዣ አለ። መቶ ሃምሳ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል። የአንተ ድርሻ ነው። መቶ ሺህ አንተ፣ መቶ ሺህ እኔ አዋጥተን በእኔ ስም ለአምስት ዓመት የዘጋነው ገንዘብ፤ «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ አንቺ ፈርሚ» ብለኸኝ የፈረምኩት። የመቶ ሺህህ ወለድ በዓመት ከመቶ አሥራ አንድ ሲታሰብ በአምስት ዓመት ሃምሳ አምስት ሺህ ይሆናል። ከወለዱ ላይ ከመቶ አምስት ግብር ተቀነሰ፣ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ። የቀረውን እዚያው ማዘዣው ላይ ታገኘዋለህ።

አምስቱ ዓመት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እስካሁን የት ነበርሽ ብትለኝ፣ ዘገየሁ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ለዘገየሁበት ሁለት ዓመት ወለድ አልጨመርኩበትም። ልጨምርበት ፈልጌ አልሞላልኝም። ይቅር በለኝ።

አሁን የምነግርህ ግን ሌላ ነው። ይህን ሳልናዘዝ ገንዘቡን ብቻ ብልክልህ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል።

ያንን አሮጌ ሚኒባስ ታስታውሰዋለህ? ሰማያዊው፣ የጎን በሩ በገመድ የሚታሰረው። በሁለት መቶ ሺህ እንግዛው፣ ከሰው መኪና ወርጄ በራሴ ልሥራ ብለህ ስንት ቀን ለመንከኝ። እኔ ግን «ቆይ ላስላው» አልኩህ። አንተም ሳቅክና «የቅርጫት ምሩቋ ታስላልን እንጂ!» አልክ። ስም ስታወጣ ማን ይችልሃል። እውነትህን ነበር። የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከማጸዳው ቢሮ ቅርጫት ነው። ሒሳብ ባለሙያው፣ አንተ «ኮማ» የምትለው፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተዛነፈች ወረቀቱን በሙሉ ይጥል ስለነበር ቅርጫቱ ትምህርት ቤት ሆኖልኝ ነበር። ሻዩን አቅርቤ፣ ወለሉን ወልውዬ፣ የተጨማደደውን ወረቀት በጭኔ ላይ እያቃናሁ ማንበብ ለመድኩ። የግል ገቢ ግብር አሠራር መመሪያዋንም ያገኘኋት እዚያ ነው። ሽፋን የላትም፤ ከገጽ ሦስት ነው የምትጀምረው።

ገጽ ሦስት ላይ የግብር እርከኖች ሰንጠረዥ አለ። የመጀመሪያው ገቢ ይሄን ያህል፣ ቀጥሎ ያለው ይሄን ያህል እያለ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ደመወዝህን ሳትለቅ ልትሞክረው ስለነበርና ደመወዙ ታችኞቹን እርከኖች ስለሞላቸው ሚኒባሱ የሚያመጣው ሁሉ የሚወድቀው ከመቶ ሠላሳ ላይ ነው። ሚኒባሱ በዓመት ካወጣንበት ገንዘብ ከመቶ ሃያ ያስገባል ብለህ ነበር። ከሃያው ሠላሳ በመቶ ግብር ስድስት ነው፣ አሥራ አራት ቀረ። ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለጋራዥ አራት አወጣሁ፣ አሥር ቀረ። የባንኩ አሥራ አንድ ደግሞ ግብሩ ሲቀነስ አሥር ከአርባ አምስት ሳንቲም ይሆናል። ባንኩ በለጠ። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ያም ሆኖ ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ ተከራከርኩህ። አንተም እጅህን ኪስህ ከተህ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አልክ። ሚኒባሱን ሌላ ሰው ወሰደው። ሲያልፍ እያየኸው አንገትህ እንዴት ይዞር እንደነበር አልረሳውም።

ባለፈው ዓመት የፀጉር አስተካካዩን ግብር አስልቼ ወደ ግብር ቢሮ ይዤለት ሄድኩ። አሁን የሰው ግብር እሠራለሁ፤ የልብስ ሰፊዎቹን፣ የጡረተኛውን መምህር፣ የጫማ ጠጋኙን፤ እሑድም አላርፍም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቴን አይታ ሳቀች። «እትዬ፣ ምነው ጨከኑበት? ሰውዬው ለከፈለው የሱቅ ኪራይም ግብር ሊያስከፍሉት ነው?» አለችኝ። ለሥራው ያወጣው ወጪ መጀመሪያ ይነሣለታል፣ ግብሩ በተረፈው ላይ ነው ብላ መመሪያውን በመስኮቱ ሥር አሾለከችልኝ። ገጽ ሁለት ላይ አለ። የእኔዋ የጎደላት ገጽ።

ያንን ቀን በእግሬ ነው የተመለስኩት። ቤት ገብቼ የሚኒባሱን ስሌት እንደ አዲስ ሠራሁት። ከሃያው አራቱ ወጪ ይነሣል፣ አሥራ ስድስት ይቀራል። ከአሥራ ስድስቱ ግብሩ አራት ከሰማንያ ነው። የሚተርፈው አሥራ አንድ ከሃያ። ባንኩን ይበልጠዋል። ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ያለ ወረቀት፣ ያለ እርሳስ፣ ሞተሩን ሰምተህ ብቻ ያወቅኸውን እኔ በጎደለ መጽሐፍ አስጣልኩህ። እስከ ዛሬ የሰው መኪና የምትነዳው በእኔ ስህተት ነው። ይህን እንድታውቅ ፈልጌያለሁ።

እንግዲህ ገንዘቡን በዘጋን በሦስተኛው ዓመት የሆነውንም ላንሣው፤ አንተ የምታስታውሰው እሱን እንደሆነ ይገባኛል። አዲስ ሸሚዝ ለብሰህ መጣህ። ክሩ አንገትጌው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ልበጥስልህ ብዬ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። «ገንዘቡን እናውጣውና እንጋባ፣ አርጅቼ ልሞሸር ነው እንዴ?» አልክ። እኔም ወረቀት አወጣሁ። ጊዜው ሳይደርስ ከተነሣ ወለዱ ይህን ያህል ይቀራል፣ ግብሩም ይህን ያህል፣ ሁለት ዓመት ብቻ እንታገሥ እያልኩ ቁጥር በቁጥር ላይ ደረደርኩ። ቀና ብዬ ላይህ ፈርቼ እርሳሴን ነበር የማየው። አንተም «ቆይ፣ እኔስ ከመቶ ስንት ነኝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ ነበር። ግን ምስጢሩ የእኔ ብቻ አልነበረም። ወረቀቱን አጠፍኩት። አንተም በሩን ሳትወረውር፣ ቀስ ብለህ ዘግተህ ወጣህ። ወርውረኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለሰው ሁሉ ገንዘብ ወዳ ጣለችኝ ብለሃል አሉ። አልተቀየምኩህም። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እንዲያ ነበር የምለው።

አሁን ወደ ጻፍኩልህ ዋና ጉዳይ ልምጣ። ባለሱቋ እንደነገረችኝ፣ ከቀብሩ ወዲህ እየዞርክ የምትጠይቀው ነገር አለ። በሁለተኛው ዓመት፣ ያ ድልድይ ፈርሶ አንተ ከጭነትህ ጋር ሁለት ወር ተኩል ማዶ የቀረህ ጊዜ፣ የእናትህን የልብ ቀዶ ጥገና ማን እንደከፈለ። እሳቸው «ደግ ድርጅት ነው» ብለውህ ነበር። ሆስፒታሉ ስትሄድ እንዲህ ያለ ድርጅት አናውቅም አሉህ፤ አሁንም መዝገብ አገላብጡልኝ እያልክ ትመላለሳለህ አሉ።

ተው። ስለምትወዳቸው ብለህ ተው።

እኔ አስታምሜያቸዋለሁና ይህን ያህል ልነግርህ እችላለሁ። ሐኪሙ ቀን ቆርጦ ነበር፤ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። ለአንተ እንዳልነግርህ ያስማሉኝ እሳቸው ናቸው። አባትህ የሰው መታመም ሰምተው ሲከንፉ በመሪ ላይ እንደቀሩ ታውቃለህ። «ልጄንም በእኔ ምክንያት መንገድ እንዳይበላው» አሉኝ፣ እጄን ይዘው። ያን ቀን ያስማሉኝ ብዙ ነው። ከዳኑ በኋላም በሞቴ ብለው ያጸኑብኝ አለ። እናት ልጇ ፊት ማፈር አትወድም።

የከፈለው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አንድም ቀን አልተጸጸተም። ይህን በእርግጠኝነት ልጽፍልህ እችላለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ኖሩ። ስትዳር አዩ፣ ልጆችህን አቀፉ። እንዲህ ያለውን ትርፍ የትኛው ባንክ ይሰጣል? ደግሞ ግብር የለበትም።

ከተለያየን በኋላም እናትህ በየወሩ ብቅ ይሉ ነበር። አላወቅህም። ስለ አንተ አንነጋገርም፤ ወረቀቴን ስሠራ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል። ሲሄዱ እጄን ይስሙ ነበር። በዕድሜ እኔ የእሳቸውን መሳም ሲገባኝ፣ አይሆንም እያልኩ እየታገልኳቸው ይስሙኝ ነበር። የመጨረሻው ቀን ላይ «ሊሞላ ስንት ቀረሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥቂት ነው፣ አልኳቸው።

ገንዘቡን እንዳትመልስብኝ። ከፈለግህ ሚኒባስ ግዛበት፤ ወጪህን መጀመሪያ አስቀንስ፣ ደረሰኝ ሁሉ ያዝ፣ የጎማም ቢሆን። የባንኩን የድሮ ወረቀቶች አብሬ አልላክኩልህም። ጠፍተዋል። ፈልጊ አትበለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እናትህ በመጨረሻ ሰዓታቸው ስለ እኔ የነገሩህ ነገር ካለ፣ መልስ ስትጽፍልኝ አልሰማሁም በለኝ። እንዲያ ካልከኝ ለባለቤትህ ደስ ብሎኝ ሰላምታ እልካለሁ፣ ልጆችህንም ባየኋቸው ጊዜ ሳልሸሽ እስማቸዋለሁ። ሰምቼአለሁ ካልከኝ ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ እንደገና መኖር ሊኖርብኝ ነው፤ አሁን ደግሞ አቅሙ የለኝም።

መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ። ጭነትህ የቀለለ፣ ፍሬንህ የጠና ይሁን። ልጆችህ በዕድሜ ይሰንብቱልህ፤ ወጥተህ በገባህ ቁጥር የሚጠብቅህ ሰው አይጥፋ።

ከእንግዲህ እህትህ