በእጄ ያልጠለፍኩት አንገትጌ

ልጄ፣ ባለሽበት ሁሉ ጤናና ሰላም ይክበብሽ፤ ክፉ ደጅሽን አይርገጥ። እኔ ደህና ነኝ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ፤ ወንድምሽም በስንት ጭቅጭቅ ፂሙን ተላጨ።

እሑድ አክስትሽ ስልኳን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ታዋቂ ሆነሻል እኮ፤ በይ ፈርሚልኝ!» ብላ ሳቀች። በገጽሽ ባወጣሽው ቪዲዮ የድሮ ፎቶዬ አለ፤ አንቺም «የምሸጣቸውን ቀሚሶች አንገትጌ ሁሉ እናቴ በእጇ ትጠልፋለች» ትያለሽ። ጣቶቼ መርፌ መያዝ ካቃታቸው እንደከረመ ታውቂያለሽ። ጥልፉ የማሽን ነው። አልተቆጣሁም፤ ደስም አላለኝም። ሻዬን ጠጥቼ ብርጭቆዬን አጠብኩ። ከቪዲዮው ሥር ግን አንዲት ደንበኛሽ፣ የሞተችው እናቷ ጥልፍ ትጠልፍ ስለነበር፣ ቀሚሱን ስትለብሰው የእናቷን እጅ የነካች እንደሚመስላት ጽፋለች። ያን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አይጣፍጠኝም።

እባክሽ፣ ማሽኑን ሲሠራ አሳዪ። ንድፉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ይህ አያሳፍርም። ለዚያች ሴት ግን ለብቻዋ ጻፊላት፤ ቀሚሱን ልመልስ ካለችም ተቀበያት። ፎቶዬን ከፈለግሽ ተዪው፤ «ጥልፍ ያስተማረችኝ እናቴ» ብለሽ ጻፊበት፤ እሱ እውነት ነው።

እጅሽ ከሥራ፣ አፍሽ ከእውነት አይለይ።

እናትሽ