«አላውቅም» ያሉት መምህርት የሕይወት ታሪክ

አክስታችን፣ ተማሪዎቻቸው ፊት ለፊት «መምህርት»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «እትዬ ጠመኔ» የሚሏቸው፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በአንድ ዝናባማ ወር ተወለዱ። እናታቸው ቀኑን ሲጠየቁ «ጣሪያው ያፈሰሰ ዕለት ነው» ከማለት ያለፈ መልስ ስላልነበራቸው፣ መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው የልደት ቀን የአንድ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ግምት ነው። ይህን የምናነሳው ለጨዋታ አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባሕር ማዶ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት፣ የተከሳሹ ጠበቃ ጥያቄውን የጀመረው ከዚሁ የልደት ቀን ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ከመምህራን ማሠልጠኛ በማዕረግ ተመረቁ። ከዚያም አባታቸው ግድግዳውን በሠሩት ትምህርት ቤት ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ። በሥራቸው ቀልድ አያውቁም ነበር። ያላነበበውን እንዳነበበ አድርጎ የሚቀባጥር ተማሪ ሲያጋጥማቸው፣ «ካላወቅህ አላውቅም በል፤ አላውቅም ማለት አያስቀጣም» ይሉት ነበር። እንደሚያስቀጣ ያየነው ኋላ ነው።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ትልቁ እንደ አባቱ ዝምተኛ፣ ትንሹ ቀብር ላይ እንኳ ሰው የሚያስቅ ተረበኛ ነበር። በሠርጋቸው ዕለት ተነሥቶ የመረቃቸው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው። ይህ ሰው በኋላ የወረዳው አስተዳዳሪ ሆኗል። ለሹመቱ ሲባል አንቱ ልንለው ይገባ ነበር፤ አንለውም።

በወገናችን ላይ የዘር ማጥፋት ዘመቻ በተከፈተበት ዓመት፣ ታጣቂዎች የሰፈሩን ወንዶች እየነዱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አጎሯቸው። አክስታችን ክፍላቸው ውስጥ ተደብቀው በመስኮት ያዩ ነበር። አስተዳዳሪው መጥቶ በሰዎቹ መሐል እየተዘዋወረ በጣቱ ለየ። ጣቱ ያረፈበት ሁሉ በጭነት መኪና ተወሰደ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው በዚያው ሄዱ፤ እስከ ዛሬም የምናለቅስበት መቃብር የላቸውም።

ከዚያ በኋላ ባልና ልጅ ያጡት የሰፈሩ ሴቶች እሑድ እሑድ አክስታችን ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። እዚያ የሚወራው ስለዚያ ቀን ብቻ ነበር። አንዷ የዘለለችውን ሌላዋ ትሞላለች፤ አክስታችን እንደ ልማዳቸው ያርማሉ፣ ከመጀመሪያው እንደገና ያስጀምራሉ። የሟቾቹ ነገር እንዳይረሳ ብለው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሁሉም ያን ቀን በአንድ አፍ፣ በአንድ ቃል የሚናገሩት ሆነ። ሐዘናቸውን እንደ ትምህርት አጠኑት። ይህ ለጠበቃ የተዘጋጀ ድግስ መሆኑን ማን ነግሯቸው!

አስተዳዳሪው ተይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አክስታችንና አራት ጎረቤቶቻቸው ለምስክርነት ተጠሩ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ተደርጎላቸው፣ በስማቸው ፈንታ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ጠበቃው ትሑት ሰው ነበር፤ ውሃ እንኳ ጋብዟቸዋል። አምስቱም ሴቶች አስተዳዳሪው እስከ ግቢው በር የመጣባትን አረንጓዴ መኪና በአንድ ዓይነት ቃል መግለጻቸውን አንብቦ ሲያበቃ አክስታችንን ጠየቃቸው።

«መኪናዋን በዓይንዎ ነው ያዩት ወይስ ከጎረቤትዎ ነው የሰሙት?»

አክስታችን አዎ ቢሉ የሚይዛቸው አልነበረም።

«አላውቅም» አሉ። «አሁን ሳስበው ትታየኛለች። ግን ከኔ መስኮት በሩ አይታይም። ጣቱን ግን አይቻለሁ፤ ያንን ማንም አልነገረኝም።»

መኪናዋን ያዩት ከአራቱ አንዷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ዳቦ ቤታቸው ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው።

ዳኞቹ ፍርዱን ሲያነቡ አክስታችንን አመስግነዋል። ቅንነታቸውን እንደማይጠራጠሩ፣ ነገር ግን የራሳቸውን ትዝታ ከሌሎቹ ትዝታ መለየት ስላልቻሉ በቃላቸው ብቻ ሰው መቅጣት እንደማይቻል ገለጹ። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ፣ ጥያቄው የጣቱ እንጂ የመኪናዋ አይደለም ብለው በሐሳብ ተለይተዋል። ልዩነታቸው የፍርዱ ጥራዝ መጨረሻ ላይ ታትሟል፤ ሰውየው ግን ነፃ ወጥቶ ቤቱ ገባ። ከዋሹት ይልቅ ያልዋሹት የሚጎዱበት ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳን የለም።

ቀጥሎ የታጣቂዎቹ አዛዥ ሊከሰስ ነው ተባለ። አክስታችን ይኼኛው በሴቶቹ ወሬ እንዳይበላሽ ብለው የእሑዱን ስብሰባ በተኑ። መስክረን እስክንጨርስ ስለዚያ ቀን እርስ በርሳችን ትንፍሽ እንዳንል ብለው ሁሉንም አስማሉ። ክሱ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ነጎዱ። ከዳቦ ጋጋሪዋ በየማለዳው ዳቦ ይገዛሉ፤ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም አውርተው ይለያያሉ። ትንሹ ልጃቸው ወደ ግቢው እየተነዳ በዳቦ ቤቱ በር ሲያልፍ ለዳቦ ጋጋሪዋ የነገራቸው፣ እሳቸውም የእናቱን ሐዘን እንዳያብሱ ብለው እሑድ እሑድ ያላነሱት ነገር ነበር። አክስታችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ምን እንዳለ ግን አልጠየቁም። የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል ለፍርድ ቤት ብለው ሳይሰሙ ኖሩ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ባለፈው ሰኞ አዛዡ ሳይከሰስ በእርጅና መሞቱንና መዝገቡ መዘጋቱን ሰማን። ሆስፒታል ሄደን ስንነግራቸው አልተናደዱም። «እንግዲያው ጥሩልኝ፤ ትንገረኝ» ብቻ አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ማክሰኞ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዘው ደረሱ። አክስታችን ንጋት ላይ አርፈው ነበር።

ከአክስታችን በኋላ በሕይወት የቀረነው ታናሽ ወንድማቸው፣ እኛ የወንድማቸው ልጆች፣ ያስተማሯቸው የሰፈሩ ልጆች በሙሉ፣ እንዲሁም ዛሬ ከስንት ዘመን በኋላ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡት እነዚያ ጎረቤቶቻቸው ነን። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ምስክር የማይጠየቅበት ዕረፍት ይስጥልን።

ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እንዳበቃ ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ሬሳ ሣጥኑ ቀርበው የልጁን ቃል ለእናቱ ይነግራሉ። እባካችሁ ማንም አያቋርጣቸው፤ ማንም ጥያቄ አይጠይቃቸው።