የዝናሽ መፈልፈያና የእኔ መቶ ዲግሪ

ይድረስ ለወንድሜ ለምህረቱ፣ ጋምቤላ።

ወንድሜ ምህረቱ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ በረታብህ ወይስ እንደ አገሬው ለመድኸው? ባለቤትህን ምስራቅን ወባ ይዟታል ብለኸኝ ነበር፤ ደኅና ሆነች ወይ? ትንሹ ዘላለምስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከጣርማ በር የሚነፍሰው ብርድ የባለቤቴን የንጋቷን ጉልበት ያሳምማል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ፋሲካንም በሰላም ፈስከናል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ተውሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል ካልተነገረ ሰበብ ይመስላል። ከደነገጥሁ ሳምንት ሊሞላኝ ነው፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም።

ልጅህ ዝናሽ እኔ ዘንድ ሆና ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስትጀምር ትምህርቱ ሁሉ በሰሌዳ ላይ ነበር። እሷ ግን አሊዩ አምባ ከተወለደው የክፍል ጓደኛዋ ከጃፈር ጋር ሆና፣ ከጥገና ቤቶች የሞተ ቻርጀርና የተቃጠለ ስታቢላይዘር እየለመነች ትፈታታ ጀመር። አምና የቧንቧ ውኃ ሲመጣ የሚጮህ ነገር ሠርታ ግቢያችን ውስጥ ሰቀለች። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን የሚያነሣው በእኛ ጩኸት ነው። ሙያው ኢምቤድድ ሲስተም ይባላል። በዕቃ ሆድ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጦ ዕቃው ራሱን እንዲያዝ ማድረግ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ይህ ጨዋታ ነው፣ የትምህርት ዘርፍ ስትመርጥ ኃይል ትምረጥና መብራት ኃይል ትቀጠር ብለሃል። አባት ነህና አልፈርድብህም።

በዐቢይ ጾም፣ እንቁላል በረከሰበት ሰሞን፣ የእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን ሠራች። እንቁላሉን የላኩልን የጃፈር እናት ወይዘሮ ኩብራ ናቸው። ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ተኩል ሲወርድ ሣጥኑ ራሱ አምፖል ያበራል፤ ሲያልፍ ያጠፋል። ከመጀመራችን በፊት የሙቀት መለኪያው ይፈተን አልሁ። ያልተፈተነ መሣሪያ እንደማላምን ታውቃለህ። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ስንነክረው ዜሮ አለ። በሚፈላ ውኃ ውስጥ ስንነክረው ግን ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። መለኪያሽ ስቷል፣ መቶ ማለት አለበት አልኋት። መለኪያውን አገላብጣ አየችና ኮዱን እንዳልኋት አስተካከለችው።

ሦስት ሳምንቱ አለፈ፤ አንድም ጫጩት አልወጣም። ስንሰብራቸው አንዳንዶቹ ላባ ማብቀል ጀምረው ቆመዋል። ንጋቷ አይታ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ኩብራ በስልክ፣ የእኔ ዶሮ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ትፈለፍላለች ብለው ሳቁ። ዝናሽ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ የባሰውን ጨመርሁበት፤ ሽቦ አያያዝሽ ላልቶ ይሆናል፣ አባትሽ የሚለው ሳይሻልሽ አይቀርም አልኋት። ኃይል እመርጣለሁ ብላ የደወለችልህ በማግስቱ ነው። ደስ ብሎህ እኔን አመሰገንኸኝ።

በፋሲካ ዕረፍት ጃፈር አገሩ ሲወርድ መለኪያውን ለእናቱ ሊያሳይ ይዞት ሄደ። ለሻይ በተጣደ ውኃ ውስጥ ሲነክረው መቶ አራት አለ። ደወለና፣ መምህር፣ ውኃ መቶ አራት ላይ ይፈላል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

ምህረቱ፣ ውኃ መቶ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውኃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ ሳስተምር ኖሬአለሁ። መጽሐፉ ላይ የሩቅ አገር በረዷማ ተራራ ሥዕል ነበረ፤ በዘንጌ የማመለክተው እሱን ነበር። እኛው ራሳችን ተራራ ላይ መሆናችን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ዘጠና አንዱ ልክ ነበር፤ አሊዩ አምባ ደግሞ ከእኛ ዝቅ ስለሚል ውኃው በበለጠ ሙቀት ይፈላል፣ የእኔ እርማት ሲጨመርበት መቶ አራት አለ። በእኔ እርማት ምክንያት ሣጥኑ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲል እንቁላሎቹ ሠላሳ አራት ላይ ነበሩ። በብርድ የገደልኋቸው እኔ ነኝ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ዝናሽን ጠርቼ ስነግራት አልገረማትም። በፈተንነው ዕለት በከተማችን ከፍታ አስልታ መለኪያው ልክ መሆኑን አረጋግጣ ኖሯል። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኋት።

«እርስዎ መቶ ነው ካሉ በኋላ እኔ ምን ልበል፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ለታላቅ አትመልሺ እያልን ያሳደግናት እኔና አንተ ነን። ለአንተም እሺ ያለችህ በዚሁ ጠባይዋ ነው። ወይዘሮ ኩብራ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሲሰሙ፣ ሽማግሌ ይሳሳታል ብለው ሌላ እንቁላል ልከዋል። እንቁላሉ መደርደሪያ ላይ ነው። ዝናሽ ሣጥኑን እስከ ዛሬ አልከፈተችውም።

ዘርፍ የሚመረጠው በሚቀጥለው ወር ነው። ኃይልም ቢሆን ከልቧ ከመረጠች ደግ ነው። ሥራዬ ከሽፏል ብላ ግን እንዳትመርጠው። ወደዚያ የሚመጣው ጎረቤታችን ወገኔ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚያደርስልህ፣ ቁጥር የሚያሳይ ሌላ ትንሽ መለኪያ ጃፈር የሰጠኝ ነው፤ የእኔ እርማት አልነካውም። ምስራቅ ውኃ ስታፈላ ንከረውና ስንት እንዳለ ተመልከት። ጋምቤላ ቆላ ነውና ከእኛ ይለያል። ቁጥሩን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውለህ ንገራት፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነም ጠይቃት። ስታርምህ ዝም ብለህ ስማት።

ምስራቅን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ዘላለምን ጉንጩን ሳምልኝ፤ የማባዛት ሠንጠረዡን እንዳይረሳ። ንጋቷ ሁላችሁንም በስም እየጠራች ሰላም ብላለች። የዝናሽን ሰላምታ ግን አልጨመርሁም፤ ይህን መጻፌን አታውቅም።

ወንድምህ ወልደአረጋይ
ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.