ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃውን መውጣት ቻለ? እማዬስ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች? ባለቤትሽ ከእንጨትና ከመጋዙ ጋር እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ውሸቴን ነው። ውዬ አድራለሁ፣ ያ ብቻ ነው።

እማዬ «አንዱን ጉም በላብኝ፣ አንተ እንኳ ቀረህልኝ» እያለች እንደምትመርቀኝ ጽፈሽልኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን አልቻለውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አባራ። ሲመሽ ነፋሱ ቆመ፣ ደመናው ተገፎ ከዋክብት ወጡ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታናሻችን «ደረስኩ» ደወለልኝ። እንዲያ ብለን የሰየምነው ጫማውን ሳያስር «ደረስኩ» ስለሚለን አልነበር? የጭነት መኪናውን ማደያ ጋ አቁሞ፣ እዚያው ልደር ወይስ ልምጣ አለኝ። በመስኮት ቀና ብዬ አየሁና፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ና፣ ራት አብረን እንበላለን አልኩት።

እታለም፣ በዚህ የአየር ጠባይ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ደመና ለመሬት ብርድ ልብስ ነው፣ ከተገፈፈ መሬቱ ሙቀቱን ለቆ ይቀዘቅዛል፣ ከላዩ ያለውን እርጥብ አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ነፋስ ከሌለ ጉም ይሆናል። ጥርት ያለ ሰማይ የሚያስፈራ ነገር ነው። እኔ ግን ናፍቄው ነበርና እንደ ማንም ሰው ቀና ብዬ አየሁ።

አራት ሰዓት ላይ ልመዘግብ ስወጣ ጉሙ ሳሩ ላይ ተኝቶ ቁርጭምጭሚቴን ሸፈነኝ። ከላይ ኮከቡ ሁሉ ይታያል። ወዲያው ደወልኩ፤ እየነዳ ስልክ አያነሳም፣ ያንንም ያስለመድኩት እኔው ነኝ። አምስት ሰዓት ላይ፣ የእይታ ርቀት ከምንለካባቸው ሃያ የመንገድ መብራቶች የታዩኝ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። ከማደያው ወደ እኔ የሚያመጣው መንገድ ድልድዩን የሚሻገረው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ሊነጋ ሲል ከወንዙ አወጡት።

ባለቤትሽ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ትንሹን አንገቱ ሥር ሳሚልኝ፣ ጎረቤታችንን ባለሱቁን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን አታስቀድሚ። መጀመሪያ ይህን አንብቢላት፤ ከዚያ በኋላ ስሜን መስማት ከቻለች ብቻ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ

ከጣቢያው፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ምሽት። ዛሬም ሰማዩ ጥርት ብሏል።